የካራቫን ጣሪያዬ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ይለቃል፤ ከምን ልጀምር?

ጎማ_ላይ_ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ካራቫን ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። ውስጡን አስተካክዬ ጨርሻለሁ። ጣሪያውን ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሰላል አቁሜ አላየሁትም ነበር። ሳየው ደነገጥኩ። ድሮ የሚያብረቀርቅ ነጭ እንደነበረ ያስታውቃል፣ አሁን ግን ደብዝዞ ሞቷል፤ እጄን ሳሳርፍበት መዳፌ ላይ እንደ ኖራ ያለ ዱቄት ይቀራል። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነገር ይዞታል። ከጠርዙ ደግሞ ጥቁር መስመሮች ወደ ግድግዳው ወርደዋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ዱቄት ታጥቦ መስኮቶቹ ላይ ይደርቅና እኔ መስኮት ስወለውል እውላለሁ።

ጣሪያው ፋይበርግላስ ነው ተብያለሁ። ይሄ ነገር በእጥበትና በፖሊሽ ይመለሳል ወይስ ቀለም የግድ ነው? የፖሊሽ ማሽን ይዤ አላውቅም፣ ግን በራሴ እጅ መሥራት ነው የምፈልገው።

ጄልኮት_ወዳጅ
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። አትደንግጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ፋይበርግላስ ማለት የመስታወት ክር ፖሊስተር ሬዚን በሚባል ሙጫ ተነክሮ የጠነከረ ነገር ነው። ክሩን ግን አታየውም። የምታየው ከላይ የለበሰውን ጄልኮት የሚባለውን ቆዳ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የጣት ጥፍር ያህል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ዓመት ከዓመት ሲመታው የላይኛው ሬዚን ይፈራርሳል። ውስጡ የነበረው ነጭ ቀለም የሚይዘው ያጣና በዱቄት መልክ ይወጣል። መዳፍህ ላይ የቀረው እሱ ነው። ጣሪያ ደግሞ ፀሐዩን ቀጥ ብሎ ስለሚቀበል ከግድግዳው ቀድሞ ያረጃል።

ስለዚህ ፖሊሽ ስታደርግ የምትሠራው የሞተውን ቆዳ ገፈህ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ጄልኮት ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ልብ በል፤ የተገፈፈ አይመለስም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ያለህ። በእኔ እምነት የሥራው ሁሉ ዋና ነገር ይሄ ነው። ሁልጊዜ በጣም ለስላሳ ከሆነው ነገር ጀምር፣ ካልሠራ ብቻ አንድ ደረጃ ጠንከር በል።

መጀመሪያ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ መርጠህ እጠበውና በለስላሳ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የሞተውን ቆዳ በሚፈገፍግ ክሬም፣ በእጅህ እሸው። ትንሽም ቢሆን ብርሃን ከያዘ ጣሪያህ ይመለሳል። ስታሸው የክሩ ጥልፍልፍ ብቅ ካለ ግን እዚያው አቁም፣ ጄልኮቱ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ነው ስለ ቀለም የምናወራው።

ቀስ_ብሎ_ተጓዥ
ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ፋይበርግላስ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። "ተብያለሁ" አይበቃም። የላስቲክ ጣሪያ ያላቸው ካራቫኖች አሉ፣ እነሱም ሲያረጁ ልክ እንዲሁ ነጭ ዱቄት ይለቃሉ። በጥፍርህ ጫን በለው። እንደ መኪና ጎማ ለስለስ ካለ ላስቲክ ነው፤ ኮምፓውንድም ሆነ ቤንዚን ነክ ማጽጃ እንዳታስጠጋው፣ ያብጣል። ጠንካራ ሆኖ ስታንኳኳው የላሜራ ድምፅ ካለው ደግሞ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ማግኔት አይረዳህም፣ አሉሚኒየምንም አይስብም። ጠንካራ፣ የታፈነ ድምፅ ያለውና ጠርዙ ላይ ወይም የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ውስጥ ክር ክር የሚታይበት ከሆነ ፋይበርግላስ ነው።

ጎማ_ላይ_ቤት
አሁን ወጥቼ አየሁት። ጠንካራ ነው። የአየር ማስገቢያውን ክዳን አንስቼ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳየው የመስታወት ክሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋይበርግላስ ነው። ነገ ጠዋት ወጥቼ ልጠበው?

ጡረተኛው_ሾፌር
ልጄ፣ ከመውጣትህ በፊት እኔን ስማኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት የራሴን ጣሪያ ሳጥብ ሳሙናው ላይ ተንሸራትቼ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰብሯል። እርጥብ ፋይበርግላስ ላይ ሳሙና ሲጨመርበት ከበረዶ አይለይም። ጫማህ ምንም ዓይነት ይሁን።

በተቻለህ መጠን ጣሪያው ላይ አትውጣ። ብዙ የካራቫን ጣሪያ ሰው እንዲሸከም ተብሎ አልተሠራም። ሰው ሲረግጠው ይረግባል፣ ጄልኮቱም እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ከጎን መሰላል ወይም መቆሚያ ያለው መወጣጫ አቁመህ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ሥራ። መሃሉ አልደርስ ካለህ፣ ጣሪያው ሰው እንደሚችል የሠሪው መመሪያ ከፈቀደ ብቻ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ጣውላ አንጥፈህ በጉልበትህ ውጣ። ክብደትህ እንዲሰራጭ።

መሰላሉን አራት ሜትር ከፍታ ላይ ካስደገፍከው እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ከሥር የሚይዝልህ ሰው ይኑር። ብቻህን አትሥራው።

የዝናብ_ልጅ
ጋሼ ትክክል ናቸው። እኔ የምጨምረው ስለ ውሃ ነው። በግፊት የሚረጭ ማሽን እንዳትጠቀም! እኔ በአንድ ከሰዓት ጣሪያዬን "አሪፍ አድርጌ" አጸዳሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። ውሃው በጣሪያው መስኮት ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ሥር ገብቷል። ያወቅኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ የመኝታው በላይ ያለው ኮርኒስ በጣቴ ስነካው እንደ እርጥብ ካርቶን ሟሸሸ። ያንን እንጨት ለመቀየር የወሰደብኝ ጊዜ ዋክስ የሚባለውን መከላከያ ሰም ለመቀባት ከሚወስደው አሥር እጥፍ ነው። ጣሪያ ማብረቅ ሁለተኛ ነገር ነው። አንደኛው ውሃ አለማስገባቱ ነው።

የተለመደው የውሃ ጎማ ይበቃል። ስትጀምር ግድግዳዎቹን ሁሉ አርጥባቸው። ደረቅ ግድግዳ ላይ የጣሪያው ቆሻሻ ሲወርድ እዚያው ይጣበቃል፣ እርጥብ ላይ ግን ሸርተት ብሎ ይሄዳል። ጣሪያውን በክፍል በክፍል ከፍለህ እጠብ፣ አንዱን ሳታለቀልቅ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ሳሙናው እንዲደርቅ አትፍቀድለት።

የጣሪያው መስኮት ፕላስቲክ አክሪሊክ ስለሆነ እሱን ለብቻው በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ብቻ። ቲነር፣ አሴቶን ወይም አልኮል ከነካው ውስጥ ውስጡን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል።

ጎማ_ላይ_ቤት
እህቴ፣ ይሄን ስላልሺኝ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ የግፊት ማሽን ልዋስ ነበር። የትኛው ሳሙና ይሻላል? ለአረንጓዴውስ በረኪና ልጠቀም?

ጄልኮት_ወዳጅ
በረኪናውን ተወው። ለላስቲክ ማሸጊያዎቹና ለብረቶቹ ጥሩ አይደለም፣ ወደ ግድግዳው ሲወርድም ምልክት ሊተው ይችላል። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አርጥበህ አሥር ደቂቃ ብትተወውና በለስላሳ ብሩሽ ብታሸው አብዛኛው ይለቃል።

ለዛሬው እጥበት ብቻ ተራ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ተጠቀም። እሱ አሮጌ ዋክስና ቅባት ያነሳል፣ አሁን የምንፈልገውም ያንን ነው። ወደፊት ዋክስ ካደረግህ በኋላ ግን ወደ መኪና ሻምፑ ዙር፤ አለዚያ የለፋህበትን ዋክስ ራስህ ታጥበዋለህ። ነጭ የውሃ ጠብታ ምልክት ካለ አቼቶ እኩል በውሃ አቅጥነህ ጥረግና ወዲያው አለቅልቅ። ዝገት የወረደበት ቦታ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የጀልባ ማጽጃ ያስለቅቀዋል፣ ጓንትና መነጽር ግን የግድ ነው።

ያቺን "አስማተኛ" የሚሏትን ነጭ እድፍ ማስለቀቂያ ስፖንጅም ጣሪያው ላይ እንዳታሳርፍ። ለስላሳ ትመስላለች እንጂ ሥራዋ የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ጎማ_ላይ_ቤት
ታጠበ! ከወንድሜ ጋር ሆነን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጥቁሮቹ መስመሮች ወጥተዋል፣ አረንጓዴውም የለም። ነጭ ሆኗል ግን ድፍን ነው፣ ምንም አያበራም። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ የአየር ማስገቢያው ዙሪያ ቀድሞ የነበረው ሰው ሲሊኮን ደራርቦበታል፣ እሱም ጠርዙ እየተነሳ ነው። ሁለተኛ፣ ከፊት ጥግ ላይ ጸጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አሉ። ጭረት ይሁኑ ስንጥቅ መለየት አልቻልኩም። ፖሊሽ ሳደርገው ይጠፋሉ?

የጀልባ_እጅ
ሰላም፣ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ጄልኮት ጀልባም ላይ ካራቫንም ላይ ያው ጄልኮት ነው።

ስንጥቁን ለመለየት ውሃ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ቀለም ጠብ አድርገህ ቦታው ላይ ቀባውና ወዲያው ጥረገው። ጭረት ከሆነ አብሮ ይጠረጋል። ስንጥቅ ከሆነ ቀለሙን ውስጡ ይይዝና እንደ ክር ይታይሃል። ስንጥቅ በፖሊሽ አይጠፋም። እንዲያውም የኮምፓውንዱ ዱቄትና ዋክሱ ውስጡ ይገቡና በኋላ መጠገኛው አልይዝ ይልሃል። ስለዚህ ጥገና መጀመሪያ፣ ፖሊሽ ቀጥሎ፣ ዋክስ መጨረሻ። ይሄ ቅደም ተከተል አይገለበጥም።

ስንጥቁን በሹል ነገር ቀስ ብለህ እንደ ቦይ ክፈተው፣ አቧራውን አጽዳ፣ ከዚያ የጄልኮት መጠገኛ ሙላበት። ማጠንከሪያው ጠብታ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ተከተል። ያ ጠብታ ዓይን ከነካ አደገኛ ነው፣ መነጽር ሳታደርግ እንዳትከፍተው። ተራ ጄልኮት አየር እየነካው እስከመጨረሻው አይደርቅም፣ ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል። በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍነው ወይም ሰም የተጨመረበትን ዓይነት ተጠቀም። ሲጠነክር በውሃ እያረጠብክ በ800 ከዚያ በ1000 ከዚያ በ1500 ብርጭቆ ወረቀት ከጣሪያው ጋር እኩል አድርገው።

ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ እንጂ በብረት አይደለም። ሲሊኮን ለዚህ ቦታ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ዘይቱ ፋይበርግላሱ ላይ ይቀርና በላዩ የምታደርገው ማንኛውም ነገር አይይዝም። ክዳኑን አንስተህ ከሥሩ ቡቲል የሚባለውን የሚጣበቅ የላስቲክ ፕላስተር አድርግ፣ ከላይ ደግሞ ለካራቫን ጣሪያ የተሠራውን ማሸጊያ። እስኪደርቅ ቀናት ስጠው።

ሌላ_መንገድ_አለ
ይቅርታ፣ ሁላችሁም ነገሩን ከባድ አደረጋችሁት። እኔ ጣሪያዬን አጥቤ ፈሳሽ አክሪሊክ፣ ያ ወለል ላይ የሚደረገውን የሚመስለውን፣ በስፖንጅ አምስት ጊዜ ቀባሁት። በሁለት ሰዓት ውስጥ መስታወት መሰለ። ማሽን የለ፣ አቧራ የለ፣ ጄልኮትም አልተነካም።

የዝናብ_ልጅ
ስንት ጊዜ ሆነው?

ሌላ_መንገድ_አለ
ስምንት ወር። እስካሁን አሪፍ ነው።

የጀልባ_እጅ
ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የምትለው ስህተት አይደለም። ግን የሚመጣውን እወቀው። ያ ሽፋን ፀሐይ ላይ ከርሞ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ተቃጠለ ቆዳ በቦታ በቦታ ይላጣል። ግማሹ ተልጦ ግማሹ ሲቀር አዲስ መደረብ አትችልም፣ ሁሉንም በማስለቀቂያ ማንሳት አለብህ፣ ያም ከፖሊሽ የበለጠ ድካም ነው። በየዓመቱ አጥበህ አንድ ሁለት እጅ የምትደርብለት ከሆነ ይቆይልሃል።

እኔ ይሄን የምመክረው ጄልኮቱ አልቆ ፖሊሽ መሸከም ለማይችል ጣሪያ ነው። ያንን ጣሪያ ከመፈግፈግ መቀባት ይሻላል። የጎማ_ላይ_ቤት ጣሪያ ግን ገና ጤነኛ ጄልኮት ያለው ይመስለኛል። የሙከራው ቦታ ምን ሆነ?

ጎማ_ላይ_ቤት
የሙከራው ቦታ አበራ! በእጄ አሥር ደቂቃ አሸሁት። የጣቴን ጥላ አየሁበት። ክር አልታየም። ግን ክንዴ አልቻለም፣ ጣሪያው ስድስት ሜትር ነው፣ በእጅ የሚሆን አይደለም። ማሽን ተውሻለሁ። እንዴት እንደምይዘው ንገሩኝ እባካችሁ፣ ማበላሸት እፈራለሁ።

የጀልባ_እጅ
መፍራትህ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ እወቅ። አንደኛው ዝም ብሎ በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከረው ነው። ይሄ ቶሎ ይበላል፣ ግን ያሞቃል፣ አንድ ቦታ ካቆምከው ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ የሚወዛወዘው ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ለጀማሪ ግን ይሻላል፤ ስህተትህን ይታገስሃል። የተዋስከው ሁለተኛው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጠዋት በማለዳ ወይም ጥላ ውስጥ ሥራ። ጣሪያው በእጅህ ስትነካው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ትኩስ ጣሪያ ላይ ኮምፓውንዱ ሳይሠራ ይደርቃል፣ ከዚያ እሱን መፋቅ ሌላ ሥራ ነው። ነጭ ጣሪያ ላይ ፀሐዩ ዓይን ስለሚያጠፋ ጥቁር መነጽር አድርግ። ያ ዱቄት ሳንባህ እንዳይገባም ማስክ።

ከዚያ ማሸጊያዎቹን፣ የላስቲኮቹን ጠርዝና የጣሪያውን መስኮት በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ኮምፓውንድ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ከገባ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጥርስ ብሩሽ እንኳ አይወጣም። የአየር ማስገቢያዎቹንና በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅ ጭስ ማውጫ በፕላስቲክ ከረጢት እሰር።

50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ ያዝ። ኮምፓውንዱን አራት አምስት ጠብታ አድርግ፣ ማሽኑ ሳይነሳ ፓዱን፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለውን ማሻ፣ አስነክተህ አሰራጨው፤ አየር ላይ እንዳለህ ካስነሳኸው ግድግዳው ሁሉ ይረጫል። በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምር። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ከ1200 እስከ 1500 ዙር በደቂቃ ይበቃሃል። አትጫነው፣ የማሽኑ ክብደት ራሱ ይሠራል። ፓዱ ጠፍ ብሎ ይተኛ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን መስመር በግማሽ እየደረብክ ቀስ ብለህ ሂድ። በየመሃሉ በእጅህ ጀርባ ንካው፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ካቃጠለ ወደ ሌላ ቦታ ዞር በል። ጠርዝና ጥግ ላይ ማሽን አታስጠጋ። እዚያ ጄልኮቱ በጣም ቀጭን ነው፣ በእጅ ጨርሰው።

ፓዱ ቶሎ ቶሎ በሞተ ጄልኮት ይሞላል፣ በየቦታው መጨረሻ በብሩሽ አጽዳው። ብዙ ሰው ፖሊሹ አልሠራልኝም የሚለው በቆሸሸ ፓድ ስለሚሠራ ነው። መጀመሪያ የሱፍ ፓድ በኮምፓውንድ፣ ቀጥሎ የስፖንጅ ፓድ በቀጭኑ ፖሊሽ። ገመዱን በትከሻህ አሳልፈው፣ ውሃ ባለበት አጠገብም ኤሌክትሪክ አትሰካ።

ጡረተኛው_ሾፌር
አንድ ቀን ልጨርሰው አትበል። የደከመ ሰው ነው የሚወድቀው። ሦስት ጠዋት አድርገው።

ጎማ_ላይ_ቤት
ጋሼ እንዳሉት ሦስት ጠዋት ፈጀ። ስንጥቆቹን ሞላሁ፣ ሲሊኮኑን አወጣሁ፣ አዲስ ማሸጊያ አድርጌ አራት ቀን ጠበቅኩ፣ ከዚያ ነው ማሽን ያነሳሁት። የመጀመሪያው ጠዋት በጣም ቀርፋፋ ነበርኩ። ሁለት ሜትር እንኳን አልሞላም። በሁለተኛው ቀን እጄ ለመደ። ኮምፓውንዱን ስጠርግ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ነጭ ነገር ብዛቱ! ከዚያ በታች ግን ደመናው ሳይቀር ይታያል። ወንድሜ መሰላሉ ላይ ሆኖ "አዲስ ነው የገዛኸው?" አለኝ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ከኋላ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ግን እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፣ አሁንም ድፍን ነው። ሦስተኛ ልድገመው?

ጄልኮት_ወዳጅ
አትድገመው። ያ ቦታ ከሌላው ይልቅ ተጎድቶ ይሆናል፣ ምናልባትም ቀድሞ የነበረው ሰው ፈግፍጎታል። በድፍኑ ተወውና ዋክስ አልብሰው። ማንም ሰው ከታች ሆኖ አያየውም፣ አንተ ግን እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ቆዳ ትፈልገዋለህ። እዚህ ላይ ማቆም መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ዋክሱን በጣም ስስ አድርገህ ቀባ፣ ደመና መስሎ ሲደርቅ በንጹህ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረግ። በማግሥቱ ሁለተኛ እጅ። ወፍራም መቀባት ምንም አይጨምርም፣ መጥረጉን ብቻ ያከብድብሃል። ፖሊሽ አድርጎ ዋክስ ሳያደርጉ መተው ደግሞ ቆዳ ገፍፎ ሰውን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ በአንድ በጋ ተመልሶ ዱቄት ይሆንብሃል።

ጎማ_ላይ_ቤት
ሁለት እጅ ዋክስ ሆኗል። ትናንት ማታ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት መሰላል ላይ ወጥቼ አየሁት፤ ውሃው እንክብል እንክብል ብሎ ቆሟል፣ ትንሽ ስነካው ይንከባለላል። መስኮቶቹ ላይ አንድ ነጭ መስመር የለም። በየስንት ጊዜው ልድገመው?

የጀልባ_እጅ
ፖሊሹን አትድገመው፣ ዓመታት ይቆያል። ዋክሱን ግን እንደ ፀሐዩ ሁኔታ በየሦስት እስከ ስድስት ወር። ውሃው እንክብል መሆኑን ትቶ እንደ ጨርቅ ሲዘረጋ ጊዜው ደርሷል። ዋክሱ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ያለው ከሆነ ትንሽ ይረዝማል። በወር አንዴ በሻምፑ አጥበው፣ ዛፍ ሥር አታቁመው፤ ሙጫውና የወፍ ኩሱ ዋክሱን ይበላሉ።

የዝናብ_ልጅ
ማሸጊያዎቹንም በየስድስት ወሩ እይ፣ የተነሳ ወይም የተሰነጠቀ ጠርዝ ካለ በዚያው ቀን። ከውስጥም ኮርኒሱን ጥግ ጥጉን በጣትህ ጫን እያልክ ፈትሽ።

የታሰሩትን ከረጢቶች አንስተሃል? የፍሪጁ ጭስ ማውጫ ላይ ያለውን?

ጎማ_ላይ_ቤት
አሁን ወጥቼ አየሁ። የአየር ማስገቢያዎቹን አንስቻለሁ፣ የፍሪጁ ግን እንደታሰረ ነበር። ዛሬ ማታ ፍሪጁን በጋዝ ላስነሳው ነበር። አነሳሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ።